ሲስተሙ ያለው ይሁን

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 15

ቀኑ አልተገፋም። የምንተክለው የኮምፒዩተር ሲስተም ኦክቶበር አንድ ሥራ ይጀምራል ብሏል ኢንጂነር ቱቴቭ። የእርጎ ፋብሪካው ዳይሬክተር እሱ ነውና ያለው ይሆናል። የእኛው የሶፍትዌር ድርጅት የፕሮጀክት ኃላፊ ካመን ደግሞ ሰውየው ተናግሮ ሳይጨርስ "እንችላለን!" አለ። እንችላለን! ካመን የመጨረሻዋን ፕሮግራም የጻፈው እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳልገባ ነው። እሱ ቃል ይገባል፣ እኔ እሠራለሁ። ራስ ሳይጠና ጉተና ማለት ይሄ ነው።

ፋብሪካው የላከልን የዕቃ ዝርዝር አምስት ሠንጠረዥ ሲሆን አንዱ ከአንዱ አይገናኝም። ያው አራት መቶ ግራም እርጎ በስድስት ስም ተመዝግቧል። አንዱ ስም "የቀድሞው እርጎ" ይላል። ከምን የቀደመ? የሚያውቅ ጠፋ። በመጨረሻ "ዝላትካን ጠይቂ" አሉኝ።

ዝላትካ የቀዝቃዛው መጋዘን ኃላፊ ናት። ሠላሳ አራት ዓመት እዚያ ብርድ ውስጥ ኖራለች፤ ለጡረታ ስድስት ወር ቀርቷታል። ስድስቱን ስም በአንድ ትንፋሽ ፈታችልኝ። "የቀድሞው" ማለት ክዳኑ ከመቀየሩ በፊት የነበረው ነው። ከዚያ ላፕቶፔን የታመመች ዶሮ እንደምታይ ትክ ብላ አየችውና፦

"ይሄ ነገር እርጎው መቼ እንደሚበላሽ ያውቃል?" አለችኝ።

"ከእርስዎ በተሻለ ያውቃል፣ እትዬ።"

"ይወቅ። እኔ እንኳ የማውቀው በመቆሚያው ነው። አሮጌው በሩ ጋ፣ አዲሱ ግድግዳው ጋ።"

እንዲህ አይነት ሰው ነው በየፋብሪካው የሚያስቸግረን።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 18

ሦስት ሲስተም አለን። በአንዱ እንሠራለን፣ በሁለተኛው እንሞክራለን፣ ሦስተኛው ፋብሪካው የሚተዳደርበት ዋናው ነው። ዋናው ላይ ማንም በቀጥታ እጁን አያስገባም። ማስተካከያ ሁሉ መሥሪያው ላይ ተሠርቶ፣ መሞከሪያው ላይ አልፎ፣ ሶፊያ ተፈርሞበት ነው ወደ ዋናው የሚጫነው። ጥሩ ሕግ ነው፣ ጊዜ ላለው ሰው። ጭነቶቹን ከሶፊያ ቢሮ የምትልከው ቦሪያና አንዲት የተሳሳተች ፊደል ለማሳለፍ ሁለት ቀን አስጠበቀችኝ። ሦስት ፊርማ ለአንድ ፊደል! እሷ ሞቃት ቢሮ ተቀምጣ ማህተም ትመታለች፣ እኔ እዚህ ፕሎቭዲቭ ዳር በእርጎ ሽታ ታፍኜ ቱቴቭ ይጮህብኛል።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 1

ጀመርን። ንጋት ላይ ቱቴቭ ቄስ አስጠርቶ ጸበል አስረጨ። ቄሱ የበሶብላውን እስር ውሃ ውስጥ እየነከሩ በየሠራተኛው ግንባር፣ እርጎ በተቆለለበት በየእንጨት ፓሌቱ፣ ኮድ በሚያነበው በየስካነሩ ላይ ረጩት። ሁለት ስካነር ወዲያው ሞተ። ካመን "በረከቱ በዛባቸው" ብሎ ሳቀ። ያደረቅኳቸው እኔ ነኝ፣ በፀጉር ማድረቂያ።

ከዚያ መኪኖቹ መጡ። ረፋዱ ላይ ዝላትካ ከብርዱ ወጥታ፦ "ልጄ፣ ይሄ ማሽንሽ ትናንት የተመረተውን አውጪ ይለኛል! የሳምንቱ ቁጭ ብሎ!" አለች። እውነቷን ነበር። መጀመሪያ የሚበላሸው መጀመሪያ ይውጣ የሚለው ቅደም ተከተል ባዶ ሆኖ ቀርቷል። ማን ባዶ አደረገው? አምስት ሰው የነካካው ነገር ነው። ቦሪያና ጋ ደወልኩ። "በደንቡ አመልክቺ፣ ዓርብ ይደርስልሻል።" ዓርብ! ሦስት መኪና ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል፣ ቱቴቭ ሰዓቱን ያያል።

የዋናው ሲስተም ቁልፍ ለመጀመሪያው ቀን እኔ ጋ ነበር። ከፈትኩት፣ አስተካከልኩት፣ ዘጋሁት። አሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። አሮጌው እርጎ ወጣ፣ መኪኖቹ ሄዱ። ካመን ትከሻዬን ጨብጦ "አላየሁም፣ አልሰማሁም" አለኝ። ቱቴቭ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሜ ጠራኝ፦ "ራዶስቲና፣ እጅሽ ይባረክ።"

ያንኑ ማስተካከያ ነገ መሥሪያው ላይም መሥራት አለብኝ። ካልሠራሁት የሚቀጥለው የሶፊያ ጭነት ሲመጣ ባዶውን ይዞ መጥቶ ይደመስሰዋል። ነገ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 2

ደረሰኝ አይታተምም። ቀኑን ሙሉ ደረሰኝ። ምሳ የለም።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 3

ደረሰኙ ታተመ፣ በሮማንያ ፊደል። ገዢዎቹ ስቀውብናል። ሌላውን ሰኞ እሠራለሁ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8

የወተት አቅራቢዎቹ ገበሬዎች ስም ግማሹ ጠፋ። ካመን ከሶፊያ በስልክ፦ "ተረጋጊ።" እኔ የተረጋጋሁ ነኝ! ያልተረጋጋው የእሱ ሠንጠረዥ ነው። አራት ሰዓት ብቻ ተኛሁ። ሌላም ነገር ነበረብኝ፣ ረሳሁት።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 13

ቦሪያና ቅዳሜ ትልቁን ጭነት ወደ ዋናው ላከች። ሁሉም አረንጓዴ፣ አንድም ስህተት የለም። ካመን ለሁላችን ባኒጻ ቂጣ ገዛ። ትኩስ ነበር፣ አይቡ ከውስጡ ይፈስሳል። ሁለት በላሁ። ይገባኛል።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15

ዝላትካ ደወለች። "ልጄ፣ ማሽኑ እንደገና አዲሱን እያስወጣኝ ነው። አሮጌው ኋላ ቀርቷል።"

ስብሰባ ላይ ነበርኩ። "እትዬ ዝላትካ፣ ይሄ ተስተካክሏል። ስክሪኑ ያለዎትን ይሥሩ።"

"እኔ እኮ በዓይኔ..."

"በዓይንዎ እንዳይሠሩ ነው ይህን ሁሉ ያደረግነው!"

ስልኩን ዘጋችው። ትንሽ ጮኼባታለሁ። ግን እኮ ሁሉም እንዲህ ነው! የሠላሳ ዓመት ልማዱን መተው ያቃተው ሁሉ ሲስተሙ ላይ ያሳብባል። በየመጋዘኑ የተለጠፈው የካመን ወረቀት "ሲስተሙ ያለው ይሁን" ይላል። የለጠፍነው ለጌጥ አይደለም።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 17

ሁለቴ ደውላ ነበር፣ አላነሳሁም። የገበሬዎቹን ስም እየለቀምኩ ነው።

ከሰዓት በኋላ ቱቴቭ የስክሪኑን ትእዛዝ ጥሶ እርጎ በእጁ የሚመርጥ ሠራተኛ ማን እንደሆነ ዝርዝር አውጡልኝ አለ። አወጣሁለት፣ ሥራዬ ነው። አንድ ስም ብቻ ወጣ፣ አርባ አንድ ጊዜ።

ፈረቃ ሲቀያየር ሁሉንም ሰብስቦ ማስጠንቀቂያውን ጮክ ብሎ አነበበባት። "ዝላትካ ሥርዓት አታከብርም። ዝላትካ ከኮምፒዩተሩ የበለጠ አውቃለሁ ትላለች።" አንድ ወጣት የፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻው መኪና፣ ነጂ "እትዬ፣ ኮምፒዩተሩን አግቢው!" ብሎ ተሳለቀ፣ ሳቁ። እሷ ጓንቷን እያወለቀች እያጠለቀች ወለሉን ታያለች። በቢሮው መስታወት በኩል አየሁ። ሰው ፊት ማንበቡ ነውር ነው፣ የቱቴቭ ብልግና ነው። እኔ የሰጠሁት ዝርዝር ብቻ ነው።

እሑድ፣ ኦክቶበር 26

የቅዱስ ዲሚታር ቀን። አጎቴ ዲሚታር ስሙ ነውና ቤቱ ሞልቶ ዋለ። በስም ቀን የሚጠራ የለም፣ የመጣ ይገባል። እማ ለጎረቤቶቿ "ድሮ የቅጥር ሠራተኛ ውሉ የሚያልቀው በዚህ ቀን ነበር፣ ጌታው የፈለገውን ያስቀራል፣ ያልፈለገውን ያሰናብታል" ስትል ሰማኋት። የፍሬ አረቄው ራኪያ ጠንካራ ነበር። ዝላትካ ከዚያ ቀን በኋላ አልደወለችም፤ ስክሪኑ ያለውን ትሠራለች ማለት ነው። ገብቷታል።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 30

አሥራ አንድ ፓሌት እርጎ ተበላሸ። ከኋላ፣ ከግድግዳው ጋር ተገፍቶ። ክዳኑ እንደ ከበሮ አብጧል። ይባስ ብሎ ቀኑ ያለፈ እርጎ ትልቁ የሱፐርማርኬት ድርጅት መደርደሪያ ላይ ተገኝቷል። ውሉን እናፈርሳለን ብለው ጽፈዋል።

መጋዘኑ ሽታው አያስገባም። ቱቴቭ ፊቱ እንደ ቀይ ሥር ሆኖ "ማነው? ማነው?" ይላል።

ማን እንደሆነ እኔ ምን አውቄ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 31

ስብሰባ። ቱቴቭ፣ ጠበቃው፣ ካመን፣ እኔ። ዝላትካ በሩ አጠገብ ባለ ወንበር ላይ፣ ካፖርቷን እንደለበሰች።

ካመን ተነሥቶ እንዲህ አለ፦ "ሲስተሙ የታዘዘውን ሠርቷል። ግን ቀን የሚያነብ የሰው ዓይን አለ። የመጋዘን ኃላፊ ሥራዋ ምንድን ነው?"

ዝላትካ፦ "በዓይንሽ አትሥሪ አላላችሁኝም?"

ቱቴቭ፦ "በዚሁ ወር የስክሪኑን ትእዛዝ ጥሰሽ አርባ አንድ ጊዜ መርጠሻል። መታወር ያማረሽ አሁን ነው? ተቀይመሽ ነው ያበላሸሽው!"

"እኔ? እርጎ?" አለች። ለአፍታ ወደ እኔ አየች።

በጣም ተናደድኩ። ቱቴቭን፣ ካመንን፣ አፉን ከፍቶ የማይዘጋውን ጠበቃ። አንዲት የስልሳ ሁለት ዓመት ሴት ሦስት ወንድ ተነሥቶ ይጮህባታል! በጥፋት ከተባረረች ከጡረታ ጋር የሚሰጣትን የመሰናበቻ ክፍያ ታጣለች፤ ከሁሉ በላይ ግን በክፋት እርጎ ያበላሸች ተብላ ነው የምትወጣው። እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም። ቢጠይቁኝ እናገር ነበር። ምን እናገር ነበር? የማውቀው ነገር የለም። ሳይጣራ መናገር የባለሙያ ሥራ አይደለም።

እሑድ፣ ኖቬምበር 2

መስኮት ሁሉ አጠብኩ። ምድጃውን አጸዳሁ። ምሳ ላይ ለእማ ስለ ቦሪያና ነገርኳት። ጭነት ሲላክ ምን እንደሚደመሰስ ማየት የእሷ ሥራ ነበር፤ ሦስት ፊርማ ለምንድን ነው ታዲያ? እማ ሾርባውን እያማሰለች "የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች" አለች። ስለ ምን እንደምታወራ አላውቅም። ማንኪያዬን ወርውሬ ተነሣሁ።

ማን ምን እንደነካ የሚያሳየው የለውጥ መዝገብ ዋናው ሲስተም ላይ አለ። አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ነገ አየዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

አየሁት። ኦክቶበር 1፣ ከረፋዱ 5፡42 እስከ 5፡54፦ ቅደም ተከተሉ ተሞላ። የሠራው፦ እኔ። ኦክቶበር 11፦ ከመሥሪያው በመጣ ጭነት ባዶ ሆነ። መሥሪያው ላይ ያንን ቦታ ማንም ነክቶት አያውቅም። እስከ ዛሬም ባዶ ነው።

ታዲያ ምን ይሁን? ቁልፉን ማን ሰጠኝ? ማነው አላየሁም አልሰማሁም ያለው? ሰው አራት ሰዓት እየተኛ የገበሬ ስም እየለቀመ ሁሉን ያስታውሳል? ኦክቶበር አንድ ነው ያለው ቱቴቭ፣ እንችላለን ያለው ካመን፣ ዓርብ ያለችው ቦሪያና። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ ያቸኮሉኝ እነሱ፣ የሚለቅመው ማነው?

ዝላትካ ነች የምትለቅመው።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

ለካመን ነገርኩት። መዝገቡን አሳየሁት። በሩን ዘጋ።

"ራዲ፣ ስሚኝ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።"

"ሴትዮዋስ?"

"ትናንት ፈርማ ወጥታለች። ቢበዛ ጥቂት ወር ቀድማ ጡረታ ወጣች እንበል። ቱቴቭ የሁለተኛውን ፋብሪካ ሥራ ሊሰጠን ነው፤ ሃያ ሰው እንጀራው እዚያ ላይ ነው። የአንቺም።"

"በክፋት አበላሸች ተብላ እኮ ነው የወጣችው!"

"በክፋት ማን አለ? ቸልተኛ ነው የተባለችው።"

ከዚያ መዝገቡን ከስክሪኔ ላይ በራሱ ጣት ዘጋው። ያ ጣት! ልቆርጠው ዳዳኝ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

ቤቷ ሄድኩ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው መንደር። ግቢው ውስጥ እንጨት እሳት ላይ በርሜል ጥዳ የክረምቱን የኮመጠጠ አትክልት ብልቃጥ ትቀቅላለች። በእኛ አገር ጠላት እንኳ ቢመጣ አንድ ማንኪያ ጣፋጭ ማርማላታና አንድ ብርጭቆ ውሃ ይቀርብለታል። አላቀረቡልኝም። (ከዛሬ ጀምሮ እሳቸው ብዬ እጽፋለሁ፤ ያን ያህል እንኳ ይገባቸዋል።)

ቆሜ ነገርኳቸው። ስለ አሥራ ሁለቱ ደቂቃ፣ ስለ ጭነቱ፣ ስለ ሁሉም። እሳቱን እየቆሰቆሱ ሰሙ።

"ሰኞም ማክሰኞም ጠበቅኩሽ" አሉኝ። "ወንበሩ ላይ ተቀምጬ አየሁሽ፤ ፊትሽ አመድ መስሎ ነበር። ይቺ ልጅ ታውቃለች፣ ትመጣለች አልኩ። ባሌ አትመጣም አለ።"

"ደብዳቤ እጽፋለሁ እትዬ። ለቱቴቭ፣ ለጠበቃው፣ ለሠራተኛ ማኅበሩ። ወደ ሥራዎ..."

"ደብዳቤ ማን ያነባል? ቱቴቭ መሳቢያው ውስጥ ይከታል። እኔን ሲያዋርደኝ በደብዳቤ ነበር? ፈረቃው ሁሉ ቆሞ፣ ያ ፎርክሊፍት ላይ ያለው ምናምንቴ እየሳቀብኝ ነው። የተዋረድኩት እዚያ ነው። የሚነገረውም እዚያ ይሁን።"

"እኔ? ሁሉ ሰው ፊት?"

"ታዲያ ማን? ማሽኑ ይናገርልሽ?"

በእግሬ ወደ ዋናው መንገድ ወጣሁ። ስሄድ ተናድጄባቸው ነበር፣ እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ይጠይቃሉ ብዬ። አውቶቡስ ውስጥ እስከምገባ ድረስ አልበረደልኝም።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 7

ጠዋት ላክሁት። መዝገቡን አያይዤ፣ በስሜ፣ ለቱቴቭ፣ ለጠበቃው፣ ለሠራተኛ ማኅበሩ፣ ለካመን።

ካመን በአንድ መስመር መለሰ፦ "ከፕሮጀክቱ ወጥተሻል። ላፕቶፑን ሰኞ አስረክቢ።" ስምንት ዓመት አብሬው ሠርቼ "ውድ" እንኳ አላለኝም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

ቱቴቭ ደግሞ ደስ አለው! እውነት ደስ አለው። ራሱ ደወለ። አሁን ጥፋቱ የእኛ ድርጅት ሆኗል፣ ጠበቃው በእኛ ላይ ይጽፋል። "ሴትዮዋን እመልሳታለሁ፣ ነገር ግን በጸጥታ" አለኝ። እትዬ ዝላትካ ግን ፈረቃው ፊት ካልተነገረ በጸጥታ አልመለስም ብለውታል። "ምን ዓይነት ግትር ሴት ናት?" ይለኛል፣ እኔ ላግዘው ይመስል። "ያሉትን ያድርጉላቸው" አልኩት። ፈረቃው ፊት ቆሜ የምናገረው እኔ መሆኔ ሲገባው ሳቀ። ሰው እንዲህ ያለ ልብ ይዞ እንዴት ይተኛል!

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12

ፀጉሬን በነጭ መረብ አስሸፍነው፣ ነጭ ካፖርት አልብሰው አስገቡኝ። ፈረቃው ሲቀያየር፣ ሠላሳ ያህል ሰው። እትዬ ዝላትካ ከፊት፣ ጓንታቸውን አጥልቀው። ቱቴቭ ከኋላ ስልኩን ያያል።

ወረቀቴን አወጣሁ። ሌት ሙሉ ነበር የጻፍኩት። "የክምችት አወጣጥ ቅደም ተከተል ማስተካከያው በዋናው ሲስተም ላይ በቀጥታ ተከናውኖ ወደ መሥሪያው ባለመተላለፉ፣ በቀጣዩ ጭነት ወቅት..."

"ቆዪ" አሉ እትዬ ዝላትካ። "ይሄ የማን ቋንቋ ነው? እኔ ስሰደብ በሚገባ ቋንቋ ነበር።"

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። በእኔ ላይ ነው። ጆሮዬ ነደደ፣ ልወጣም አሰብኩ። ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩት።

"ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አልኩ። "ማሽኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ቸኩዬ። እትዬ ዝላትካ ደውለው እርጎው ኋላ እየቀረ ነው አሉኝ፤ ጮኼባቸው፣ ከዚያ ሲደውሉም አላነሳሁም። በእጃቸው እየመረጡ እርጎአችሁን ሲያድኑ ስማቸውን ለቱቴቭ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ሲበላሽ እሳቸው ተከሰሱ፣ እኔ እዚያው ክፍል ተቀምጬ ነበር። ማን እንዳጠፋ አውቅ ነበር። ስብሰባው ሳይጀመርም አውቅ ነበር። ፈርቼ ዝም አልኩ።"

ይህን የመጨረሻውን እዚህ ደብተር ላይ እንኳ አልጻፍኩትም ነበር። የሸተተው እርጎ ፊት በቆምኩበት ደቂቃ ነው ያወቅሁት፣ መዝገብ ሳልከፍት።

ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም አልሰደበኝም። ፎርክሊፍት ነጂው ኮፍያውን አውልቆ እግሩን ያያል። እትዬ ዝላትካ ጓንታቸውን ወደ ላይ ሳቡ። ይቅር ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ ይሄንንም ልጻፈው።

"ጨርሰሻል?" አሉኝ።

"ጨርሻለሁ።"

"በይ ስትወጪ በሩን ዝጊው። ቅዝቃዜው እየወጣ ነው።"

ወደ ፓሌቶቹ ዞሩ፣ ፈረቃውም ተከተላቸው። እኔ ወጣሁ፣ በሩንም ዘጋሁ።